«ይውጣ» የተባለው ምስል

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ካሜራ አልነበረም። መብራት ነበር፤ ገመዱ ረጅም፣ ጀርባው እንደ ምድጃ የሚፋጅ የሠርግ መብራት። ቪዲዮ ቤቱ ፒያሳ፣ ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚያወጣው መንገድ፣ ከታች ጫማ በሚሸጥበት አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ሽፈራው ይባላሉ። ከጠረጴዛቸው ቀና ሳይሉ «ስምህ ማነው?» አሉኝ።

«ደረጀ።»

«ደረጀ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። መብራት ያዥ አያይም። ያበራል እንጂ አያይም። ማየት የካሜራማኑ ሥራ ነው። ገባህ?»

«ገባኝ ጋሼ» አልኩ። አልገባኝም ነበር። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ዓይኔ ጥግ ላይ ቆማ ወደምታለቅስ ሚዜ ሄደ። ዓይኔ የሄደበት መብራቱም ተከተለ፤ ሙሽሮቹ ከነኬካቸው ጨለማ ዋጣቸው። ጋሽ ሽፈራው ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ዛሬ ያገባው ማነው? ሙሽራው ነው ወይስ ሚዜዋ?» አሉ። ያን ቀን ሊያባርሩኝ ምንም አልቀራቸውም።

በሙያችን ደረጃ አለ። መብራት ያዥ ይባላል፣ ከዚያ ሁለተኛ ካሜራ፣ ከዚያ ዋና ካሜራማን። ዋናው ሙሽሮቹን ይቀርፃል። ሁለተኛው የቀረውን ዓለም ይቀርፃል፦ ሲጎርሱ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ አክስቶችን፣ ጭፈራው ሲደራ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን የሚያሹ አጎቶችን። እኔ ሁለተኛ ካሜራ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ቅርም አላለኝም። ዋናው ካሜራ ፊት ሰው ሁሉ ይስተካከላል፣ ከንፈሩን ይሰበስባል። ሁለተኛው ካሜራ የሚያገኘው ሳይስተካከል ነው። ይህን ሥራ የወደድኩት ለዚህ ነው።

በኋላ ላይ ዋና ካሜራማን ሆንኩ። ሰሎሜም ያኔ ነው የመጣችልን።

ሰሎሜን በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። ከፒያሳ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ በእግር ስትወርድ ዘፈኗን ታክሲዎቹ እየተቀባበሉ ያሰሙህ ነበር። አልበሟን ይዛ ክፍለ ሀገር ለመዞር ስትነሳ የኮንሰርቱ አዘጋጅ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ጎልማሳ፣ ደረጃችንን እያለከለከ ወጣና ጋሽ ሽፈራው ፊት ተቀመጠ።

«የውጭዎቹ ዘፋኞች ሲዞሩ ፊልም ይሠራላቸዋል» አለ። «የመድረኩን አይደለም። ከመድረክ ጀርባ ያለውን። ለሰሎሜም እንደዚያ ያለ እንፈልጋለን።»

«ከመድረክ ጀርባ ምን አለ?» አሉ ጋሽ ሽፈራው።

«ምንም የለም። እሱን ነው የምትቀርፁት።»

እውነቱን ነበር። ከመድረክ ጀርባ ያለው ጥበቃ ነው። ጄኔሬተር እስኪመጣ ይጠበቃል፣ የድምፅ ሰውየው ከምሳ እስኪመለስ ይጠበቃል፣ ዝናቡ እስኪያባራ በሸራ ሥር ተጠልሎ ይጠበቃል። ከዚያ ደግሞ «ድንገት» የሚባለው ነገር አለ፤ እሱም በዕቅድ ነው። ሀዋሳ ላይ ሰሎሜ በጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ «ድንገት» በሩን አንኳኩተን ገባን። ከንፈሯ ተቀብቷል፣ ፀጉሯ ተተኩሷል፣ ትራሱ ላይ ግን የተኛበት ሰው ምልክት የለም። ጋሽ ሽፈራው «ሰሎሜ፣ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው ዓይንሽን አሸት አሸት አድርጊ!» ብለው ደጋግመው አስደገሟት። በመጨረሻ «ጋሼ፣ በዚህ አያያዝ እውነትም እንቅልፌ መጣ!» ብላ ተንጠራራች። ፊልሙ ውስጥ የገባው እሱ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ይህን ዛሬ ስጽፍ ቶሎ ልበለው።

ከዘፋኙ ኋላ ቆመው የሚያጅቡትን እኛ ተቀባይ እንላቸዋለን። ሰሎሜ ሦስት ተቀባዮች ነበሯት። ሦስተኛዋ፣ በቀኝ ዳር፣ የመድረኩ መብራት በሚያልቅበት ቦታ የምትቆመው ሐያት ነበረች።

ሐያት የሰፈሬ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ፒያሳ የኖሩ ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ቤታቸው ወደ ድልድዩ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። አባቷን በስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው እያየሁ ነው ያደግኩት። እሷን ግን በደንብ ያየኋት ሀዋሳ በሄድንበት አውቶብስ ውስጥ ነው። ከአጠገቤ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ለሰው ሁሉ ታድላለች፤ ለራሷ ልጣጩ ብቻ ቀረ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ተቀባይ ነኛ። ሰጪ መቼ ሆንኩና ይተርፈኛል?»

«አሁን የሰጠሽው ምንድነው ታዲያ?»

«እሱማ ልማድ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «ደረጀ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ‹ኦ ኦ› ስል ኖርኩ መሰለህ። ዘፈን ሁሉ ለኔ ‹ኦ ኦ› ነው። አንድ ቀን ቃል ቢደርሰኝ ምን ነበረበት?»

ቀልድ አስመስላ ነበር የተናገረችው። ቀልድ አልነበረም። የራሷ ግጥሞች፣ የራሷ ዜማዎች ነበሯት፤ የሚሰማላት ግን አልተገኘም። ሙዚቃ ቤቶቹ «ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ሰው ግን አያውቅሽም» ይሏታል። ሰው እንዲያውቃት ደግሞ አንድ ሰው ቀድሞ ሊያሳያት ይገባል። ይህ ፊልም በቪሲዲ ተባዝቶ በየሰዉ ቤት እንደሚገባ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ጉዞ ጀምሮ ካሜራዬ ታመመ። ፒያሳ ቀርቶ የምንልክለትን ካሴት የሚያየው ሚኪ፣ ኤዲተራችን፣ ስልክ ደውሎ ይስቅብኛል። «ደሬ፣ የካሜራህ አንገት ወደ ቀኝ ተጣሟል፤ ወጌሻ ይየው እንዴ? ኮከቧ መሐል ናት!» ይላል። ጋሽ ሽፈራውም አንድ ቀን ምሳ ላይ «ፊልሙ የማን ነበር ስሙ?» ብለው ጠየቁኝ። እንደተነቃብኝ አወቅኩ። ወድጃት ነበር። ለእሷ ግን አልነገርኳትም፤ ከካሜራ ኋላ ያለ ሰው ሁሉን ያየሁ ይመስለዋል እንጂ እሱም እንደሚታይ አያስብም።

ነገሩ የሆነው ደሴ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ የድምፅ ሙከራ እየተደረገ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ አንዱ ጀሪካን ይዞ ሮጠ። ከበሮ መቺው ዱላዎቹን አስቀመጠ። ሰሎሜ ፀጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች መድረኩ ደረጃ ላይ ሙዝ ይዛ ተቀመጠች። ከተራራው የሚወርደው ብርድ በሸራው ቀዳዳ ይገባል። ሐያት ከአንዱ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሣጥን ላይ ወጥታ፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ ለማንም ሳትል በባቲ ቅኝት ማንጎራጎር ጀመረች። ቃሉ የራሷ ነበር፦

«ከኋላ ቆሜ ነው ዘመኔ ያለቀው፣
ዞር ብለህ ካላየህ ፊቴን ማን አወቀው።»

ካሜራው ትከሻዬ ላይ ነበር። አበራሁት። ስታንድ የለም፣ ተጨማሪ መብራት የለም፣ የካሜራው የራሱ ማይክ ብቻ። ትንፋሼ ምስሉን እንዳያናውጠው አፌን ከፍቼ ነበር የምተነፍሰው። ዕቃ ይሸከሙ የነበሩት የደሴ ልጆች የያዙትን እንደያዙ ቆሙ። ሰሎሜ ሙዟን ልጣ ሳትበላው እጇ ላይ ቀረ። ሐያት ከዜማ ወደ ዜማ እያሸጋገረች ዘፈነች፤ ድምጿ ያለ ማጉያ ባዶውን ሜዳ ተሻግሮ ከበሩ ውጭ ትኬት የሚጠብቀው ሰው ጋ ደረሰ። ወዲያ ማዶ ጭብጨባ ተሰማ። ሰሎሜ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ጄኔሬተሩ ጮኸ፣ የድምፅ ሰውየው «ቸክ! ቸክ! አንድ ሁለት!» አለ። ሐያት ከሣጥኑ ወርዳ ቀኝ ዳር ቦታዋ ላይ ቆመች።

ከብዙ ዓመት ሥራዬ ውስጥ አንድ ምስል ምረጥ ብባል ሌላ አልመርጥም።

ወደ አውቶብሱ ስንሄድ «ቀረፅከው እንዴ?» አለችኝ።

«ሙሉውን።»

«ፊልሙ ውስጥ ይገባል?»

«ይገባል» አልኳት። «በዚህ ፊልም ውስጥ ሌላ ነገር ባይኖር አንቺ ትኖሪበታለሽ።»

ፒያሳ ተመለስን። ሚኪ ካሴቶቹን አይቶ ፊልሙን ገጣጠመው፤ የደሴውን ክፍል መሐል ላይ ሳይነካካ አስቀመጠው። ጋሽ ሽፈራው አይተው ዝም አሉ፤ እሳቸው ዝም ካሉ ወደዋል ማለት ነው። ነገር ግን የሰሎሜ ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚሆን አልነበረም፤ በስሟ በሚሸጥ ፊልም ላይ ተቀባይዋ ከእሷ በላይ ታምር ነበር። ቅጂው ተላከላት። ማምሻውን ሳንጠብቅ፣ ገና ምሳችንን በልተን ሳንጨርስ ደወለች። ጋሽ ሽፈራው ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሚኪ እስክሪብቶ ያዘ።

ክፍሎቹን በየተራ አነሳች። የሀዋሳው መኝታ ክፍል ደህና ነው። የድሬዳዋው ገበያ አጠር ይበል። ከአዘጋጁ ጋር የተጨቃጨቀችበት ይቅር፣ ሰውዬው ይከፋዋል።

«የደሴውስ?» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «የሐያት?»

«እሱማ ይውጣ!» አለች ሰሎሜ። «ምን ጥያቄ አለው! ዛሬ ነገ ሳትሉ ይውጣ። እሱ ለብቻው ይውጣ።»

ስልኩ ተዘጋ። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሦስታችንም የሰማነው አንድ ነገር ነው። ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ «ይውጣ» አንድ ትርጉም ብቻ አለው። የተንቀጠቀጠ ምስል ይውጣ፣ ያፈጠጠ ዘመድ ይውጣ። ሚኪ እኔን እያየኝ «ምን ላድርግ ወንድሜ?» አለ። ጋሽ ሽፈራው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የፊልሙ ባለቤት ተናግራለች» አሉ። ሚኪ አወጣው። የደሴው ብርድ፣ የደሴው ልጆች፣ ያ ሁሉ፣ ከመሐል ሲነሳ መጋጠሚያው እንኳ አልታወቀም።

በደንባችን የተሠራበት ካሴት ወደኋላ ተጠቅልሎ ሌላ ሠርግ ይቀረፅበታል። ያንን ካሴት ግን ወደ ሣጥኑ አልመለስኩትም። በምትኩ አዲስ ገዝቼ አስገባሁና እሱን ቤቴ ወሰድኩት። ለሐያት ልነግራት ብዙ ጊዜ ስልክ አነሳሁ። «ሰሎሜ አስወጣችሽ» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ከአፌ አልወጣ አለ።

ፊልሙ ፒያሳ በአንድ ሲኒማ አዳራሽ በእሑድ ከሰዓት ታየ። ሐያት እናቷንና እህቶቿን ይዛ መጣች፤ አባቷ የሰፉላትን አረንጓዴ ካፖርት ለብሳለች። ከኋላዋ ሁለት ረድፍ አልፌ ተቀመጥኩ። ሀዋሳ አለፈ። ሰዉ ሳቀ። ደሴ መጣ፤ የድምፅ ሙከራው ታየ፣ መብራት ጠፋ፣ ወዲያው ኮንሰርቱ ተጀመረ። እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቋት። ራሷን ነቀነቀች። እስከ መጨረሻው ተቀመጠች፣ ሰዉ ሲያጨበጭብ አብራ አጨበጨበች። ስትነሳ ዞር ብላ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እናቷን በክንድ ደግፋ ወጣች።

በሳምንቱ የመድረክ ልብሷን ተኩሳ አጥፋ ለባንዱ መሪ መለሰች። «በቃኝ» ብቻ ነው ያለችው። ስልኳ አልሠራ አለ። ቤታቸው ሄጄ ከደጅ ቆሜ ነበር፤ አባቷ ከመኪናቸው ቀና ብለው «ደረጀ፣ ደህና ነህ ልጄ? እሷ ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ሄዳለች» አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ አገባች ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ መፈለግ ነውር መሰለኝና ተውኩት።

እኔ አላገባሁም። ለምን ለሚለኝ ሰው ሥራ በዛብኝ እላለሁ፤ እውነትም ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ከሌሎች ዘፋኞች ጋር ዞርኩ። ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ መቀሌ። በየመድረኩ ካሜራዬ ልማዱን አይተውም፤ ቀኝ ዳር ሄዶ የቆመችውን ያያል፣ እሷ አለመሆኗን አይቶ ይመለሳል። የሰሎሜን ቀጣይ ጉዞ እንድሠራ ስጠየቅ እምቢ አልኩ። መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ደሬ!» ብላ ትጮኻለች፤ እኔ ሰላምታዬን አቀዝቅዤ አልፋለሁ። ከኋላዋ ቆማ ስታጅባት የኖረችውን ልጅ በአንድ ቃል ያስወጣች ሰው አድርጌ ነበር የያዝኳት።

ሙያውም ተለወጠ። ቪሲዲው ሞተ። ዘፋኞች ከመድረክ ጀርባ ያለውን ራሳቸው በስልካቸው እየቀረፁ እዚያው መልቀቅ ጀመሩ። ጋሽ ሽፈራው አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሚኪ የማስታወቂያ ሥራ ገባ። ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ፎቃችን፣ የጫማው ቤት፣ የሐያት አባት ቁልቁለት፣ ሁሉም ሄደ። ዛሬ ቦታው ሰፊ መንገድ ነው፣ ዛፍ ተተክሎበታል፣ ማታ ያምራል ይላሉ። አያምርም አላልኩም። እኔ ግን በዚያ ሳልፍ እግሬ የሌለ ደረጃ ይፈልጋል፤ ይናፍቀኛል፣ በጣም ይናፍቀኛል።

ዘንድሮ አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። ሰሎሜ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ተመልሳ ልትዞር ነው፤ ወጣቶች ፊልም ይሠሩላታል። «ፋዘር፣ የጥንት ካሴት አለህ አሉን» አለኝ አንዱ። «ጥንት» ያለውን ቃል ውጬ፣ የቀሩኝን ካሴቶች በፌስታል ይዤ፣ ፒያሳ ከቀሩት ኬክ ቤቶች ወደ አንዱ ሄድኩ። ልጆቹ መብራት እያስተካከሉ ነበር። ሰሎሜ ባንኮኒው ጋ ቆማ ማኪያቶ ትጠጣለች። ፊቷ ላይ ምንም አልተቀባችም። ሸብታለች።

«ደሬ» አለች። «እንዲህ ሆነን ቀረን?»

«ይመስገን ነው» አልኳት በአጭሩ።

ማኪያቶዋን አማሰለች። «ሁልጊዜ ልጠይቅህ እልና ፊትህን እፈራለሁ። ያ የሐያት ነገር ለምን ሳይወጣ ቀረ?»

«ወጣ እንጂ!» አልኩ። «ይውጣ አልሽ፣ አወጣነው።»

«የት አወጣችሁት? እኔ እስከ ዛሬ አላየሁትም።»

«ከፊልሙ ነዋ! ከፊልሙ አወጣነው!»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «ከፊልሙ? ደሬ፣ እኔ እኮ ይውጣ ነው ያልኩት።»

«እኮ! ይውጣ ብለሽ አይደል?»

«ለሕዝብ ይውጣ ነው ያልኩት! ለብቻው፣ በስሟ፣ እንደ ነጠላ ዜማ ይውጣ! አልበም ይውጣ አይባልም እንዴ? ሥራዬ ወጣ አይባልም እንዴ?»

ባንኮኒው ኋላ ያለችው ልጅ ማሽኑን አቁማ ታየናለች። ለዘፋኝ «ይውጣ» ማለት ሰው ይስማው ማለት ነው፤ ለእኛ ደግሞ ማንም አይየው ማለት ነው። አንድ ስልክ ላይ ሁለት ሙያ ተነጋግሮ ነበር።

«ጋሽ ሽፈራውን ጠይቄያቸው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «‹እንዳልሽው አድርገናል› አሉኝ። እንግዲህ አንድ ቀን ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። ሐያት ደግሞ ስልኬን አታነሳም። በእኔ ተቀይማ ነው አልኩ፤ ምን እንዳደረግኳት ግን አላውቅም።» ዓይኗን ጠረገች፤ እንደ ደሴው በእጇ ጀርባ። «ፈልጋት፣ ደሬ። እባክህ ንገራት።»

የሐያት ወንድም ሰዒድ አትክልት ተራ ሽንኩርት ያከፋፍል ነበር። ገበያው ቦታ ከለወጠ በኋላም የሚያውቁት ሰዎች አልጠፉም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላክሁ ስልኩን አገኘሁ፣ ከእሱም የእሷን። ስደውል ድምጿን ወዲያው አወቅኩት።

«ደረጀ? የካሜራው ደረጀ?» አለች። የሱቋን ቦታ ነገረችኝና «ና» አለች።

ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ መጋረጃ የምትሰፋበት ትንሽ ሱቅ አላት። የአባቷ መኪና ፊት ተቀምጣለች፤ ሻርፗን ወደኋላ ጥላዋለች። ባሏ ሹፌር ነው፣ ደህና ሰው እንደሆነ ሰዒድ ነግሮኛል። የጨርቅ ጥቅልል ላይ አስቀመጠችኝ። የሰሎሜን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። እጇን ከጨርቁ ላይ ሳታነሳ ሰማችኝ። ከዚያ ካሴቱን ወደ ስልኬ አስገልብጬው ስለነበር ከፍቼ ሰጠኋት።

የደሴው ብርድ፣ ሣጥኑ፣ እግሯ ሲወዛወዝ። ድምጿ ከስልኩ ወጣ። ሲያልቅ ስልኩን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ሰሎሜን አንድም ቀን ተቀይሜያት አላውቅም» አለች።

«እንዴት? ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

«አንተን ነው የተቀየምኩት።»

«እኔን?»

«ካሜራው የማን ነበር? ‹ትኖሪበታለሽ› ያለኝ ማን ነበር?» ቁጣ አልነበረባትም፤ የቆየ ነገር ስለሆነ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። «እንደምትወደኝ የማላውቅ መሰለህ? ባንዱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ‹ሰው እንዳያየኝ ለራሱ አስቀረኝ› ብዬ ነው ያሰብኩት። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ዞር ብዬ ያየሁህ እሱን ልጠይቅህ ነበር። አንተ አቀረቀርክ። ስታቀረቅር አመንኩ።»

ማቀርቀሬን አላስታውስም። ለስንት ዘመን ያኔ ያዩኝን ዓይኖቿን ሳስታውስ፣ እኔ ምን እንዳደረግኩ አስቤ አላውቅም ነበር። «ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አልኩ። «ካሴቱንም ይዤው ነበር።»

«ይኸው ይዘኸው ነበራ» አለችና ፈገግ አለች። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ስስቅ እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም።

«አሁን ልልቀቀው?» አልኳት። «ሰሎሜ ዛሬውኑ ትለቀዋለች። በስምሽ፣ ለብቻው። ስንት ሰው ይሰማሻል።»

ስልኩን አንስታ የቆመውን ምስል አየችው፤ ሣጥኑ ላይ ያለችውን ልጅ። «ይቺ መታየት የፈለገችው ያኔ ነበር» አለች። መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ አስተካከለች። «ይቆይ።»

እሺ ብዬ ልወጣ ነበር። ቆምኩ። «ሐያት፣ የምን ይቆይ? ለሌላ ጊዜ ይቆይ ነው? ወይስ እንዳለ ይቆይ? ወይስ የት ይቆይ?»

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ጋ ይቆይ» አለች። «ያኔ ‹ሳልለው ለራሱ አስቀረኝ› ብዬ ነው የሄድኩት። አሁን ግን ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ስልኩን መለሰችልኝና ስፌቷን ቀጠለች። እኔም ወጣሁ። ለሰሎሜ ደውዬ ምስሉ እንደማይለቀቅ ነገርኳት፤ ለምን አላለችም።

በዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። አንድ ሰው «ይውጣ» ሲላችሁ ስልኩ ሳይዘጋ ከየት እንደሚወጣና ወዴት እንደሚወጣ ጠይቁ።